ለማራቶን ብዙ ኪሎ ሜትር እየሮጡ ፍጥነትን ያለ ሰዓት መመጠን

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ለማራቶን ስዘጋጅ በሳምንት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ እሮጣለሁ፤ ሆኖም ሰዓቴን ካላየሁ ፍጥነቴን መገመት አልችልም። እንዴት ልለማመድ?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከፍታውን ያስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ወርደው ያለ ጭንቀት የሚሮጡበት ፍጥነት ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ግርጌ ሲሆን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ አንዱ ቁጥር በሁለቱ ቦታዎች እኩል ድካምን አያመለክትም። ትንፋሽዎን ይመኑ። በቀላል ሩጫ ቀን፣ ያም የሳምንቱ አብዛኛው ኪሎ ሜትር ሊሆን ይገባል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተዎት ፈጥነዋል።

ሌላ ምላሽ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ትንፋሽ ቁልቁለት ላይ ያታልላል። ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ሲወርዱ ሳንባ ሳይጨነቅ ጭን ይጎዳል። ሜዳ ላይ ሰዓቱን በእጅጌ ሸፍነው አንድ ኪሎ ሜትር ይሩጡና ግምትዎን ጮክ ብለው ከተናገሩ በኋላ ብቻ ይመልከቱት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። በውድድሩ ዕለትስ?

ምላሽ፦ የመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች ዝግ ያሉ ሊመስሉዎት ይገባል። በጅማሬው የሚፈጥን ሰው በጡንቻው የተከማቸውን ስኳር ቶሎ ስለሚጨርስ፣ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግሩ አይታዘዝለትም።