ዴስቲኒ 2፦ አንድ ኤክስፓንሽን ብቻ ብገዛ የቱን?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ጌመሮች። እስካሁን ጌም ቤት ኳስ ነበር የምንጫወተው። አሁን ዴስቲኒ 2 የሚባለው የተኩስ ጌም ላይ ልቤ ሄዷል። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ በነፃ ይወርዳል፣ ግን ቢዮንድ ላይት፣ ዊች ኩዊን፣ ላይትፎል፣ ፋይናል ሼፕ እያሉ ለብቻ የሚሸጡት ተጨማሪ ታሪክ (ኤክስፓንሽን) ግራ አጋባኝ። የምትገዛልኝ ውጭ ያለችው እህቴ ናት፣ ደጋግሜ ላስቸግራት አልፈልግም። የቱ ይሻላል? በኛ ኢንተርኔትስ ይሠራል?

ቡና ጠጪው፦
ዊች ኩዊን፣ ሳታቅማማ። 2022 ላይ የወጣ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም ታሪኩ የተሠራው እሱ ነው። እስከዛ ድረስ ሞቶ የሚነሳው የአንተ ወገን ብቻ ነበር፣ ጎስት የምትባለው ትንሽ ሮቦት ታነሳሃለች። እዚህ ግን ጠላቶችህም ጎስት አላቸው። ግዙፉን ባላባት በስንት መከራ ትጥለዋለህ፣ ጎስቱ ከላዩ ትንሳፈፋለች፣ ሮጠህ ደርሰህ በእጅህ ካልጨፈለቅካት ሰውዬው ተነስቶ እንደገና ይመጣብሃል፣ ያውም ሌሎቹ እየተኮሱብህ። ሌጀንደሪ የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ አድርገህ ብቻህን ተጫወተው። ላይትፎልን ግን ተወው። ስትራንድ በሚባለው አረንጓዴ ገመድ እየተወነጨፉ መሄድ ደስ ይላል፣ ታሪኩ ግን "ቬይል" "ቬይል" እያለ ምንነቱን ሳይነግርህ ያልቃል።

ፈረንጅ አራዳ፦
በዊች ኩዊን እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይወቅ። የ2017ቱ መነሻ ታሪክ ሬድ ዋር አሁን ጌሙ ውስጥ የለም። የጌሙ ሠሪ በንጂ 2020 ላይ ቢዮንድ ላይትን ሲያወጣ ማርስ፣ አዮ፣ ታይታን፣ ሜርኩሪ የሚባሉትን የመጫወቻ ቦታዎች ከነታሪካቸው አነሳቸው። ፎርሴከን የሚባለው የድሮ ኤክስፓንሽን ታሪክም በ2022 ተከተለ። ሰው ገንዘብ ከፍሎበት እኮ ነው! እስካሁን ያናድደኛል። አዲስ ተጫዋች ሲገባ ማን ማን እንደሆነ አይገባውም። ስለዚህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የድሮውን ታሪክ ዩቲዩብ ላይ እይ፣ ከዛ ዊች ኩዊንን ግዛ። ፋይናል ሼፕ ከ2014 ጀምሮ የመጣውን ታሪክ የሚዘጋ ስለሆነ፣ በጣም ቆንጆ ቢሆንም፣ ሰዎቹን ሳታውቃቸው ብትገባበት አይነካህም።

ሌሊት ተኳሽ፦
ስለ ኢንተርኔቱ እኔ ልንገርህ። ጌሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፣ በሞባይል ፓኬጅ አትሞክረው፣ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ፈልግና ሌሊት አውርድ። ያለ ኢንተርኔት ጭራሽ አይከፈትም፣ በፍላሽ ገልብጠህ ብትወስደውም መስመር ያስፈልግሃል። ከኮምፒውተሩ ጋር የምትዋጋበትን ክፍል ፒንግ (የመስመሩ መዘግየት) ቢጨምርም ትጫወተዋለህ። ክሩሲብል ላይ ከሰው ጋር ስትገጥም ግን ግድግዳ ጀርባ ከገባህ በኋላ ትሞታለህ፣ እሱን እርሳው። ሬይድ የሚባለው ትልቁ የቡድን ተልዕኮ ደግሞ 6 ሰው ነው፣ መብራት መሃል ላይ ከሄደብህ አምስቱን ጥለህ ትወጣለህ፣ ስለዚህ ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ካልሆንክ ቃል አትግባ።

የሂርማታ ልጅ፦
ተባረኩ። ነፃውን ዛሬ ሌሊት ማውረድ እጀምራለሁ፣ መስመሩ ከቻለው እህቴን ዊች ኩዊንን እጠይቃታለሁ። ከመሃላችሁ ለስትራይክ (ለሦስት ሰው ተልዕኮ) ሦስተኛ ሰው የጎደለው ካለ ይጻፍልኝ።