የፕሌቲንግ (ብረት በኒኬልና በክሮም የሚለበጥበት) ሾፕ ፍሳሽ ማጣሪያ በሕግ የትኛው ምድብ ነው? ኢንስፔክተሯ ከመጣች ጀምሮ ግራ ገብቶኛል

አባይማዶ፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ትንሽ ኒኬልና ክሮም የሚነክር ሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስድስት ዓመት ዕቃ ስሰቅልና ሳጥብ ቆይቼ ካለፈው ወር ጀምሮ የኋላውን የፍሳሽ ማጣሪያ ተረከብኩ፣ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ስለወጡ። ሥራውን እጄ ለምዶታል። ብጫው የክሮም ውሃ ሲመጣ ፒኤቹን በአሲድ ወደ 2.5 አወርደዋለሁ፣ ባይሰልፋይት ስጨምርበት እያየሁት አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዛ ኮስቲክ ሶዳ ጨምሬ ወደ 9 ሲጠጋ ልክ አይብ ሲወጣ አጓቱ እንደሚለየው ብትን ብትን ይልና ይዘቅጣል፣ ዝቃጩን በፊልተር ፕሬስ እጨምቀዋለሁ፣ ውሃው ወደ ከተማው ፍሳሽ መስመር ይሄዳል።

ያስቸገረኝ ወረቀቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ኢንስፔክተር መጥታ ካቴጎሪካል ናችሁ፣ ሲግኒፊካንት ናችሁ አለችኝ። አለቃዬ ደግሞ በቀን 6,000 ጋሎን ብቻ ነው የምንለቀው፣ ጆብ ሾፕ (የሌላ ሰው ዕቃ ተቀብሎ የሚነክር) ነን፣ ቀለል ያለው ሕግ ነው የሚመለከተን ይላል። ለላይሰንስ ፈተና ሳነብ ደግሞ ክላስ አንድ ክላስ ሁለት የሚል አለ። የኛ የቱ ነው? ኤንፒዲኢኤስ የሚባለው ፐርሚትስ ያስፈልገናል? የስድስት ወሩን ሪፖርት የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ አለቃዬ ነው የሚፈርመው፣ የተሳሳተ ነገር አስፈርሜው ሰው እንዳላስቀጣ ፈራሁ።

የውሃ ሰው፦
አባይማዶ ለአዲሱ ሥራ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ሌላ ስቴት ውስጥ ያቺ ኢንስፔክተር የምትሠራውን ሥራ ነው የምሠራው። ግራ ያጋባህ ክላስ የሚለው ቃል ነው። ላይሰንሱ ላይ ያለው ደረጃ ያንተ፣ የሰውየው ነው፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ አለው፣ ካሊፎርኒያ ግሬድ ከአንድ እስከ አምስት ይለዋል፣ ቴክሳስ በኤ ቢ ሲ ዲ ይጠራዋል። ከፋብሪካው ምድብ ጋር አታገናኘው።

የፋብሪካው ምድብ በምታጣራበት ማሽን አይወሰንም። የማጣሪያ ደረጃዎችን ፕራይመሪ ሴከንደሪ እያልን የተማርነው ለዲዛይን ነው፣ ሕጉ ግን መጀመሪያ የሚጠይቅህ ውሃው ወዴት ይሄዳል ብሎ ነው። በ1972 በወጣው ክሊን ዋተር አክት መሠረት ወንዝ ወይ ጅረት ላይ በቀጥታ የሚለቅ ፋብሪካ ኤንፒዲኢኤስ ፐርሚት የግድ ያስፈልገዋል። ወደ ከተማው ቧንቧ የሚለቅ ግን ኢንዳይሬክት ነው፣ መጨረሻ ላይ ወንዙ ላይ የሚለቀው ከተማው ስለሆነ ያን ፐርሚት የሚይዘው ከተማው ነው፣ እናንተ ደግሞ ከከተማው ፐርሚት ትይዛላችሁ፣ እሱም ከአምስት ዓመት አይበልጥም። የጣሪያና የግቢ የዝናብ ውሃ ግን ለብቻው ይታያል፣ እሱን ጠይቅ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ውሃው ከምን ሥራ ነው የመጣው የሚለው ነው። ኢፒኤ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ለተወሰኑ ሥራዎች፣ ለብረት መንከር፣ ለቆዳ፣ ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለብዙ ሌላም፣ ለየብቻ ሕግ አውጥቷል፣ ከነዚህ አንዱ የያዘው ፋብሪካ ካቴጎሪካል ይባላል፣ ካቴጎሪካል የሆነ ደግሞ በቀጥታ ሲግኒፊካንት፣ ማለትም ከተማው ጠበቅ አድርጎ የሚቆጣጠረው ነው፣ 6,000 ጋሎን ልቀቅ 600። አለቃህ የሰማው የ25,000 ጋሎን መስመር ካቴጎሪ ላልወጣላቸው ነው፣ ለምሳሌ ቢራ ጠማቂ ወይ ትልቅ ላውንደሪ። ካቴጎሪካል ሆኖ ከሲግኒፊካንት ሊወጣ የሚችለው በቀን ከ100 ጋሎን በላይ የካቴጎሪ ውሃ የማይለቅ ነው፣ እሱም ሌሎች መስፈርቶችን አሟልቶ ከተማው ሲፈቅድለት።

ለምን ትንሹን ሾፕ ያጠብቁበታል እንዳትል፣ የከተማው ማጣሪያ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ የምግብ ትርፍራፊና የሽንት ቤት ፍሳሽ ይበላል፣ ኒኬል አይበላም። ወይ ወንዝ ይገባል ወይ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል፣ ያ ዝቃጭ ደግሞ ብዙ ቦታ እርሻ ላይ ነው የሚበተነው። ይሄን ሥራ የምወደው ለዛ ነው፣ አንድ ሾፕ በር ላይ የሚቆመው ብረት ማንም ሰው ሰሃን ላይ አይደርስም።

የሞጆ ልጅ፦
እኔ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ማጣሪያ ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሀገር ቤትም በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። በኛ አቆጣጠር አዋጅ 300/1995 እና ደንብ 159/2001 አሉ፣ የፍሳሹ ገደብም እንደ ፋብሪካው ዓይነት ነው፣ ቆዳው ለብቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ ለብቻ፣ ቢራው ለብቻ። ትልቁ ልዩነት እዚህ ብዙው ፋብሪካ የሚቀበለው የከተማ ፍሳሽ መስመር የለውም፣ ስለዚህ በእናንተ አነጋገር ዳይሬክት ነን፣ ከኛ ቀጥሎ ወንዙ ነው፣ ከወንዙ ቀጥሎ ከብት የሚያጠጣ ገበሬ ነው። ሀዋሳ ኢንዱስትሪያል ፓርክ ደግሞ በኛ በ2008 ሲከፈት ለሁሉም ሼዶች አንድ የጋራ ማጣሪያ ይዞ ነው፣ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር፣ ምንም ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ።

ወንድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሲያናይድ ያለበት ታንከር አላችሁ? እኛ ጋ የኖራው ክፍል ፍሳሽ ሰልፋይድ አለው፣ የክሮሙ ደግሞ አሲድ ነው፣ አንድ ቀን ፓምፕ ተበላሽቶ ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተገናኙና የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ሲመጣ አንድ ልጅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ፣ በቀበቶው ጎትተን ነው ያተረፍነው። ሲያናይድና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ከዛ የባሰ ነው። መስመሮቹን ለይተህ በቀለም ምልክት አድርግባቸው፣ ከወረቀቱ በፊት።

ኒኬል77፦
የውሃ ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን አለቃውም ዝም ብሎ አልተናገረም። ፓርት 413 የሚባል የቆየ የኤሌክትሮፕሌቲንግ ሕግ አለ፣ እዛ ውስጥ በቀን ከ10,000 ጋሎን በታች ለሚለቅ ገደቡ ላላ ይላል። ችግሩ ፓርት 433 ሲመጣ 413 ላይ የቀሩት የድሮ ጆብ ሾፖችና የድሮ የሰርኪውት ቦርድ ሠሪዎች ብቻ ናቸው። ከኦገስት 31 ቀን 1982 በኋላ የተተከለ ጆብ ሾፕ 433 ነው፣ ያውም ኒው ሶርስ (አዲስ ተብሎ የሚቆጠር)። ስለዚህ የመንከሪያ መስመራችሁ መቼ እንደተተከለ አጣራ። በቀላሉ የምታውቅበት፣ ፐርሚታችሁ ላይ የካድሚየም ገደብ በሊትር 0.11 ሚሊግራም ካለ ኒው ሶርስ ናችሁ፣ 0.69 ካለ የድሮ 433 ናችሁ።

አባይማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እህቴ የሞጆዋ፣ ሲያናይድ የለንም ተመስገን፣ ምልክቱን ግን ዛሬውኑ ጀመርኩ። ኒኬል77 ፋይሉን ከፈትኩት፣ 433 ይላል፣ ካድሚየም 0.11። ሕንጻው የ1974 ነው፣ አለቃዬ እሱን ይዞ ነው የሚከራከረው፣ ነገር ግን ደረሰኞቹ ውስጥ በ1994 መስመሩ በሙሉ ተነቅሎ አዲስ እንደገባ አገኘሁ።

ሌላም ነገር አየሁ። የኮምፕረሰሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በቀጭን ቧንቧ መጨረሻው ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ሳምፕል ከምንወስድበት በፊት። እንዲህ ማድረግ ይቻላል?

የውሃ ሰው፦
ሙሉ በሙሉ የተተካ መስመር እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ በሕንጻው ዕድሜ አይደለም፣ ያ ክርክር አለቀ።

ቧንቧው ግን ከበድ ያለ ነው። ገደቡን ለማለፍ ብሎ ማቅጠን ክልክል ነው። ንጹሕ ውሃ ከተቀላቀለ ገደቡ በዛው ልክ በቀመር ዝቅ መደረግ አለበት፣ ያን ካላደረጋችሁ ክሮም ከ2.77 በታች ነው ብላችሁ የላካችሁት ቁጥር እውነተኛው አይደለም። ወይ ቧንቧውን ከሳምፕሉ ነጥብ በኋላ አዙሩት ወይ ፍሰቱን ለክታችሁ ከከተማው ጋር ቀመሩን ሥሩ። ከሁሉ በፊት ግን ኢንስፔክተሯ ሳታገኘው አንተ ንገራት፣ እኔ ራሱ ደውሎ የነገረኝን ሰው የማየው በሌላ ዓይን ነው።

አባይማዶ፦
አለቃዬን ወስጄ በጣቴ አሳየሁት፣ ሽማግሌው ከመምጣታቸውም በፊት የነበረ ነው አለኝ፣ ዝም ብሎ ትንሽ ቆመና ደውልላት አለ። ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስትገባ እደውላለሁ።