አራቱ ዘፈኖቼ የአራት ሰው ሥራ ይመስላሉ፤ ነገ 3 ሰዓት ስቱዲዮ ነኝ፣ ድረሱልኝ!

ባለ ክራሩ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ናችሁ፣ ቸኩያለሁ። ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። አራት ሥራ አለኝ፦ ትዝታ፣ ጭፈራ፣ ሬጌ፣ አማፒያኖ (የደቡብ አፍሪካው የዳንስ ምት)። አቀናባሪው አሁን ደውሎ «የአንድ ሰው አይመስሉም፣ አንድ ስታይል ይዘህ ና» አለኝ። ቀብዱ ተከፍሏል። በዚያ ላይ ሬጌው በክራር ያምር ነበር፣ ኪቦርድ ሲገባበት ተበላሸ። የቱን ልጣል? ስታይሌን እስከ ጠዋት እንዴት ላግኝ?

የጣርማበር ጉም
እስከ ጠዋት የሚገኘው ጉንፋን ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ቪብራቶውን (የድምፅ መርገብገቡን) በነፃ ይሰጥሃል።

ጋሽ ዘለሰኛ
ልጄ፣ ከስታይል በፊት ቅኝት፣ ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች ማለት ነው፣ ይቀድማል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ዛሬ ልጁ ሁሉ ከበሮ ምቱን መርጦ ዜማውን በኋላ ይለጥፍበታል፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር ቅኝቱን አልጣለም፤ በላዩ ላይ የጃዝ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ የላቲን ምትና ቫይብራፎን ጨመረበት እንጂ። አንተም መጀመሪያ የማትለቀውን ለይ። መንዝ ውስጥ ማሲንቆ የሚገዘግዝ ሰው ሽለላም አለ እንጉርጉሮ፣ ከሩቅ በድምፁ ይለያል። ምቱ ልብስ ነው፣ ይቀየራል...

ሸዋ ሮቢት ማንጎ
ጋሼ፣ እርስዎ ሲጨርሱ ልጁ ስቱዲዮ ደርሶ ይመለሳል 😂

ቤዝ ብቻ
የሬጌው ቅኝት ምንድን ነው? መነሻ ድምፁስ? ኪቦርዱ የያዘው ምን ኮርድ ነው? ይህን ካልነገርከን ሁላችንም ግምት ነው የምንሰጥህ።

ባለ ክራሩ
ይቅርታ፣ የታወቀ መስሎኝ ነው። አንቺሆዬ ከሲ (C)። ኪቦርዱ ሲ ሜጀርና ጂ ሜጀር እያፈራረቀ ነው።

ቤዝ ብቻ
ዜማህ ምንም አልሆነም፣ ኮርዱ ነው። አንቺሆዬ ከሲ ማለት ሲ፣ ዲ ፍላት (ከዲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሲ ሜጀር ውስጥ ያሉት ኢ እና ጂ ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ጂ ሜጀር ደግሞ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፤ ሦስቱም ውጭ! ጂ ከጂ ፍላትህ ጋር ግማሽ ድምፅ ላይ ሲጋጭ ዘፋኙ የሳተ ይመስላል።
እንዲህ አድርግ፦ ቤዙ ሲ ላይ ይቁም፣ ሐረጉ ሲዘጋ ብቻ ዲ ፍላትን ነክቶ ወደ ሲ ይመለስ። ሁለተኛና አራተኛው ምት ላይ የሚቆረጠው ጊታር ሲ እና ኤፍን ብቻ ይያዝ፤ ዜማው ጂ ፍላት ላይ ሲቆይ ኤፉን ትቶ ሲ እና ኤ ይምታ። ሙሉ ኮርድ ካስፈለገ ኤፍ ሜጀር (ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ) ከቅኝቱ አይወጣም፣ ግን ከደጋገምከው ዜማው ሲን ትቶ ኤፍ ላይ የሚያርፍ ይመስላል። ቆጥበህ ተጠቀምበት።

የጣርማበር ጉም
ስታይል ከቸገረህ ኪቦርዱ ላይ «ስታይል» የሚል ቁልፍ አለልህ። ከምሬ ግን፣ እሱ ከተከፈተ በግራ እጅ አንድ ድምፅ ስትነካ ራሱ ሙሉ ኮርድ ይሞላበታል። ከበሮውን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ዝጋው።

አንኮበር ላይ
ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። አራት ምት መሥራት ምን ነውር አለው? «አንድ ስታይል» የሚሉህ ማቀናበሩ እንዲቀልላቸው ነው። አትጣል።

ባለ ክራሩ
እሱን ለአቀናባሪው ንገርልኝ!

ደብረ ሲና 7
ኮርዱን አውጣው፣ ቤዝ ይበቃል።

ሸዋ ሮቢት ማንጎ
ከላይ ተብሏል ወንድም፣ ወጣ ብለህ አንብብ።

ቤት መቺዋ
«አንኮበር ላይ»፣ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፤ ምቱ ቢለያይ ችግር የለውም፣ ሁሉንም የሚያያይዝ ነገር ካለ። እሱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል። አራቱንም ያለ መሣሪያ፣ በድምፅና በጭብጨባ ብቻ፣ ከአንድ መነሻ ድምፅ ተነስተህ ስልክህ ላይ ቅዳ። ከዚያ እያዳመጥክ ጻፍ፦ የመጀመሪያው ዝላይ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ስንኙ የሚያርፈው የትኛው ድምፅ ላይ ነው? ትንፋሽ የት ትወስዳለህ? በሦስቱ የተደጋገመውን ያዝ፣ ያንተ እሱ ነው። ከሌሎቹ ጋር ምንም የማይጋራው ዘፈን ካለ ለነገ አትውሰደው፤ ግን አትጣለው።

ቀለም (ክፍለ ቃል) ቁጠር ደግሞ። ግጥምህ የወል ቤት ከሆነ ስንኙ 6 እና 6 ቀለም ነው። በ6/8 ጭፈራ (ስድስት ስድስት እየተቆጠረ በሚሄደው) ላይ ስድስቱ ቀለም ልክ ይገባል። ሬጌና አማፒያኖ ላይ ግን ስምንት ግማሽ ምት አለ፣ ሁለቱ ይተርፋሉ። ብዙ ሰው ትርፉን ለመሙላት ቃል ይጎትታል፣ የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል። «ዋና» ስትል «ና»ን ካላጠበቅካት ሰሚው ውኃ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ባዶ ተዋቸው፣ ክራሩ ይመልስባቸው። ያ የክራር መልስ በአራቱም ዘፈን ከገባ አቀናባሪው የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ቤዝ ብቻ
እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ክራሩን ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ስትቀይር ጅማቱ ወዲያው አይረጋም። ሁለቱን አከታትለህ አትቅዳ፤ ትዝታና ጭፈራው አንድ ቅኝት ከሆኑ እነሱን ጨርስ፣ ከዚያ ቃኝ። ከውጭ ብርድ ገብተህም ወዲያው አትቃኝ፣ ክፍሉን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ጠብቀው።

ጋሽ ዘለሰኛ
እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

መዘዞ ባቡር
በዚሁ ላይ ልጠይቅ፣ ለማሲንቆ የሚሆን የፈረስ ጭራ የት ይገኛል? የኔው ተበጣጠሰ።

የጣርማበር ጉም
ፈረሱን አስፈቅደህ። ከኋላው ግን አትቁም።