ለዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የበጎ ፈቃድ ቡድን ልናቋቁም ነው፤ ከምን እንጀምር? (ሐዋሳ)

የአቶቴ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ግብርና የተማርኩትም እዚሁ ነው። ጥቂት የቀድሞ ተማሪዎች ሆነን የዩኒቨርሲቲውን ላይብረሪ በበጎ ፈቃድ ለማገዝ ተነጋግረናል። ሁላችንም ሥራ አለን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን አናጣም። ያሰብነው መጽሐፍ ማሰባሰብ ነበር። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን በካርቶን ሊልኩልን ተዘጋጅተዋል። አንዷ አባላችን ግን «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አለች። ልክ ናት። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

ጡረተኛው ካታሎገር
ልጄ፣ ሐሳባችሁ በጣም ደስ ይላል። ካርቶኖቹን ግን ለጊዜው እዚያው አቆዩአቸው። የስጦታ መጽሐፍ ነጻ ይመስላል እንጂ አይደለም። ይመዘገባል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ የምድብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ይለጠፋል፣ ካታሎግ (የላይብረሪው የመጻሕፍት ዝርዝር) ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ መደርደሪያ ይፈለግለታል። ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሥራ ነው። ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ በስጦታ ሲመጣ ጭንቅ ይለኝ ነበር። መጣሉ ነውር ነው፤ መደርደሩ ደግሞ ተማሪ ማሳሳት ነው።

ባዶ እጃችሁን ሂዱና ኃላፊውን «ምን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እኔን ከጠየቅኸኝ ጥገና ላይ ግቡ። ተማሪ የሚሻማበት መጽሐፍ ነው ቶሎ ጀርባው የሚገነጠለው። ነጭ ኮላ፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ስስ ወረቀትና ሁለት ጣውላ ይበቃችኋል። ኮላውን በስሱ ቀቡት። ገጾቹ እንዳይጣበቁ የሰም ወረቀት በመሃል አስገቡ። ከዚያ በሁለቱ ጣውላ መሃል አድርጋችሁ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት። ስኮች ግን እንዳታስጠጉ! ሲቆይ ማጣበቂያው ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይበላዋል። ያረጀና ብርቅ የሆነ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እሱ የባለሙያ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ
ጋሼ፣ እናመሰግናለን! እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ከገጠር የመጣ ፍሬሽ ተማሪ ካታሎግ ላይ መፈለግ ማን አሳይቶት ያውቃል? የዶርም ጓደኛዬ ላይብረሪ ገብታ የምትፈልገውን ሳታገኝ ትወጣ ነበር፤ ሰው መጠየቅ ታፍራለች። በመስከረምና በጥቅምት በር ላይ ቆሞ «ምን ልርዳሽ?» የሚል ሰው ቢኖር ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ እኛ ተማሪዎች አለን፤ ጥሩን ብቻ።

የስድስት ኪሎው
ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ፤ የወዳጆቹ ማኅበር በ1968 ተከተለው። ማኅበሩ ገንዘብ እያሰባሰበ ቅርስ እየገዛ ለተቋሙ ሲሰጥ ኖሯል። ኦክስፎርድም የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች ከ1925 ጀምሮ አሉ።

እናንተም ሐዋሳ ላይ የምትሰበስቡት አላችሁ። የዩኒቨርሲቲያችሁ መነሻ ከሆኑት ኮሌጆች የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የወንዶ ገነቱ የደን ትምህርት ተቋም ደግሞ በ1978። ከዚያ ዘመን የቀሩ ፎቶዎች፣ የምርምር ሪፖርቶችና የማስተማሪያ ጽሑፎች በየጡረተኛው መምህር ቤት ሳጥን ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ከውጭ በካርቶን የሚመጣ መጽሐፍ ሌላም ቦታ ይገኛል፤ ይህ ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

ገንዘብ ልትሰበስቡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሕጋዊ መልክ ይኑራችሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብቡት። ጉልበት ብቻ ከሆነ ከላይብረሪው ጋር የመግባቢያ ሰነድ መፈራረም ለጅማሬ ጥሩ ነው።

የአቶቴ ልጅ
ተባረኩ! ካርቶኖቹ እንዲቆዩ አሁኑኑ ደውያለሁ። ሰኞ ወደ ኃላፊው እንሄዳለን። የቀድሞ መምህራኖቻችንን ደግሞ አባላችን ትዞራቸዋለች፤ የብዙዎቹን ቤት ታውቃለች። ጋሼ፣ የሰም ወረቀቱ እዚህ ከየት ይገኛል?

ጡረተኛው ካታሎገር
ከታጣ ኬክ ቤቶች ከኬኩ ሥር የሚያነጥፉት የመጋገሪያ ወረቀት ይሆናል። ከገጹ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡት።