የዳክዬው ፎቶ ውሃው ላይ ሲደርስ አልዋሃድ አለኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ፎቶሾፕ የምትችሉ እባካችሁ እርዱኝ።

ገፈርሳ ግድብ ላይ ባለ ቢጫ ምንቃር የዱር ዳክዬ ሲያርፍ በተከታታይ አንስቻለሁ። ከሰማይ እስከ ውሃ ያለውን ጉዞውን በአንድ ምስል ማሳየት እፈልጋለሁ። ሌንሱ 400 ሚሊሜትር፣ ሹተሩ 1/2000 ሰከንድ፣ ኤክስፖዠሩ (የብርሃን መጠኑ) ማኑዋል ነው። ካሜራውን የያዝኩት በእጄ ነው።

አየር ላይ ያለው ክፍል ቆንጆ ሆኗል። ከኋላ ዛፎች ስላሉ በእነሱ እያስተያየሁ ሌየሮቹ (አንዱ በአንዱ ላይ የደረደርኳቸው ፎቶዎች) በትክክል ይገጥማሉ። ጣጣው ውሃው ነው። ዳክዬው እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ውሃውን ሲሰነጥቅ የሚነሳው ሞገድ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። የማስኩ (የፎቶውን ከፊል የሚደብቀው መሸፈኛ) ጠርዝ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠርዙን ሳለሰልሰው ደግሞ የውሃው ፍንጣቂ ይጠፋል። ለእኔ የምስሉ ነፍስ ያ ፍንጣቂ ነው፣ ላጣው አልፈልግም።

ነጸብራቁስ? ከዳክዬው ጋር አብሬ ልቁረጠው ወይስ ለብቻው ሌየር ላድርገው? ማስኩን በሞገዱ መስመር ተከትሎ በብሩሽ መሳል ያዋጣል? የሞከረ ካለ ብሩሹን ምን ያህል እንደሚያለሰልስ ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።