የቤት ዋጋ ሲንር የንብረት ግብር አብሮ መጨመር አለበትን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። የቤት ዋጋ ከሰው ገቢ ቀድሞ በሮጠበትና የብድር ወለድም በከበደበት ጊዜ፣ ዓመታዊው የንብረት ግብር የገበያውን ዋጋ እየተከተለ ይጨምር ወይስ ባለቤቱ ቤቱን በገዛበት ዋጋ ላይ ተወስኖ ይቆይ? የምትጠቅሷቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

ጡረተኛዋ፦ እኔ ይወሰን ከሚሉት ወገን ነኝ። ቤቱን ከባለቤቴ ጋር የገዛነው ልጆቻችን ሳይወለዱ ነው፤ ዕዳውን ከፍለን የጨረስነውም እርሱ ባረፈበት ዓመት ነው። በቅርቡ የደረሰኝ የግምት ማስታወቂያ ቤቴ ከዐሥር ዓመት በፊት ከነበረው ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል እንደሚያወጣ ይናገራል። ወረቀቱን ይዤ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ዞሬ አየኋቸው። ጣሪያው ያው ነው፣ የተሰነጠቀው የወጥ ቤት ወለል ያው ነው፣ ጡረታዬም ያው ነው። ቤቱን ካልሸጥኩት በቀር ወረቀቱ ላይ ያለው ገንዘብ እጄ አይገባም፤ ብሸጠውም የምጠለልበትን ቤት በዚያው በናረ ዋጋ መግዛቴ አይቀርም። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1978 የንብረት ግብርን ከግምቱ 1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ የወሰኑት እንደ እኔ ያለው ሰው ከቤቱ እንዳይፈናቀል ብለው ነው። ያልተቀበልኩት ገንዘብ ግብር የሚጠየቅበት ምክንያት ካለ የሚያስረዳኝ እሻለሁ።

ገማቹ፦ እናቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ ዓመት በንብረት ግምት ሥራ ላይ ስለቆየሁም ተመሳሳዩን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን ግምቱ ላይ መጣል አይገባም። በብዙ ቦታ የከተማው ምክር ቤት በመጀመሪያ የሚወስነው በዓመቱ ከንብረት ግብር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ነው፤ ያንን ገንዘብ በከተማው ውስጥ ላሉት ንብረቶች ጠቅላላ ግምት ሲያካፍለው የግብሩ ምጣኔ ይወጣል። ስለዚህ የሁሉም ቤት ዋጋ እኩል በእጥፍ ቢያድግና በጀቱ ባይለወጥ ምጣኔው በግማሽ ይወርዳል እንጂ ማንም ሰው ካምናው የበለጠ አይከፍልም። ክፍያዎ የሚጨምረው የቤትዎ ዋጋ ከሌሎቹ ቤቶች ፈጥኖ ሲያድግ፣ በጀቱ ሲሰፋ፣ ወይም ምክር ቤቱ የግምቱን ማደግ መሸፈኛ አድርጎ ምጣኔውን ሳያወርድ ሲቀር ነው። ይህ የመጨረሻው ድርጊት እኔንም ያስቆጣኛል፤ ጭማሪው በስብሰባ ላይ በግልጽ ድምፅ ሳይሰጥበት ያልፋልና።

ግምትን አስሮ ማቆየት ግን ሸክሙን ወደ ሌላ ሰው ከማሻገር በቀር አያጠፋውም። በካሊፎርኒያ ቤት የገዛች አንዲት ሴት ተመሳሳይ ቤት ካላቸው ጎረቤቶቿ አምስት እጥፍ ገደማ ግብር ሲጠየቅባት ከስሳ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በ1992 ሕጉን አጸናው። መንገዱ አንድ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ፣ የእሳት አደጋ መኪናውም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የመጣው ከተገዛበት ዓመት ብቻ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ግብር ደረጃ የሚወጣው ቤቱ ኤፕሪል 1 ቀን 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው። ትናንት የተሠራ ቤት እንኳ ሲመዘገብ፣ ገማቹ በዚያን ቀን ቆሞ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሸጥ ነበር ብሎ ወደ ኋላ ማሰብ አለበት። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ዋጋው እጅግ የናረው ሰፈርና ብዙም ያልተነቃነቀው ሰፈር በአንድ የቆየ ሚዛን እየተመዘኑ ነው፤ የሚጎዳውም ያልተነቃነቀው ነው።

ተከራዩ፦ ስለ ባለቤቶች ብዙ ተባለ፤ ተከራይም አለ። ውሌ በታደሰ ቁጥር የሚደርሰኝ ደብዳቤ የሚጀምረው «ግብር ስለጨመረብን» በሚል ሐረግ ነው። ግብሩ ባልጨመረበት ዓመትም ኪራዩ ጨምሯል፤ የዚያን ዓመት ደብዳቤ የጀመረው «የገበያውን ሁኔታ በማየት» ብሎ ነበር። ሁለቱንም ደብዳቤዎች አስቀምጫቸዋለሁ። ስለዚህ የግብሩ መገታት ለተከራይ ኪራይ ቅነሳ ሆኖ ይደርሳል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም፤ አከራይ የሚጠይቀው ተከራዩ ሊከፍል የሚችለውን ያህል ነው፤ ይህንንም የሚወስነው የሚከራየው ቤት ማነሡ ነው።

ቤት ለመግዛት ስሞክርም ያጋጠመኝ ሌላ ግድግዳ ነው። በአሜሪካ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በ2021 3 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2023 መገባደጃ ላይ 8 በመቶ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። በአነስተኛው ወለድ የተበደረ ሰው ቢሸጥ በትልቁ ወለድ መበደሩ ስለማይቀር አልሸጥም ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ግብሩም ካልሸጠ የማይነካው ከሆነ፣ የማይሸጥበት ምክንያት ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ እኔ የምገዛው ቤት ከየት ይመጣል?

ግንበኛው፦ ክርክሩ ስለ መጠን ብቻ ሆነ እንጂ ግብሩ የሚጣለው በምን ላይ ነው የሚለው አልተነሣም። እንግሊዝ ከ1696 ጀምሮ በመስኮት ብዛት ግብር ስትሰበስብ ሰዎች መስኮታቸውን በጡብ ደፈኑ፤ ግብሩ በ1851 እስኪቀር ድረስ ብዙ ሰው በጨለማና በታፈነ ክፍል ኖረ። ዛሬም አንድ ባለቤት ክፍል ሲጨምር ወይም ጣሪያ ሲያድስ ግምቱ ከፍ የሚል ከሆነ በሥራው እየቀጣነው ነው፤ ባዶ መሬት አጥሮ ዋጋው እስኪወጣ የሚጠብቀው ሰው ግን ጥቂት ከፍሎ ያልፋል። ግብሩ በመሬቱ ዋጋ ላይ ብቻ ይጣል። መሬት ግብር ስለተጣለበት አይቀንስም፣ አይሸሽም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝም በ1776 በቦታ ኪራይ ላይ፣ ማለትም ቤቱ ለቆመበት መሬት በሚከፈለው ኪራይ ላይ፣ የሚጣል ግብር የሚያርፈው በተከራዩ ላይ ሳይሆን በባለ መሬቱ ላይ ነው ብሎ ነበር። ኢስቶኒያ ከ1993 ጀምሮ የምትሰበስበው የመሬት ግብር ሕንፃውን አይነካም።

ገማቹ፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ኢስቶኒያ መሬቷን በ2001 ከገመተች በኋላ እንደገና የገመተችው በ2022 ነው። የመሬት ግብርም ቢሆን ግምቱ ካልታደሰ ከእንግሊዙ ችግር አያመልጥም።

ስለ ኢኮኖሚው አንድ ነገር ልጨምር። አየርላንድ በ1978 በመኖሪያ ቤት ላይ የነበረውን ዓመታዊ ግብር አስቀረች። በኋላ የቤት ገበያው ሲግል መንግሥቷ ከቤት ሽያጭ በሚሰበሰብ የቴምብር ቀረጥ ላይ ተደገፈ፤ ከ2007 በኋላ ገበያው ሲወድቅ ሽያጩ ቆመ፣ ገቢውም ገንዘብ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት አብሮ ወደቀ። በ2013 ዓመታዊውን ግብር መልሳ ስትጀምር ሕዝቧ ሥራና ደመወዝ ባጣበት ጊዜ ነበር። በደህናው ቀን ጥቂት በጥቂት ቢከፈል ኖሮ ያን ያህል ባልመረረ።

እናቴ፣ የእርስዎ ችግር የሀብት ሳይሆን የጥሬ ገንዘብ ነው፤ መፍትሔውም ለብቻው ሊሰጥ ይችላል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ባለቤቶች በሚኖሩበት ቤት ላይ የሚጣለውን ግብር ማቆየት ይችላሉ፤ የቆየው ግብር ከነወለዱ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ወደ ሌላ ሲተላለፍ ነው። እርስዎ ከቤትዎ አይነሡም፤ ከጎንዎ ቤት የገዛው ወጣትም የእርስዎን ድርሻ አይከፍልም።

ጡረተኛዋ፦ ልጄ፣ ስለ ማስረዳትህ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ የእኔን ድርሻ እንዲከፍልልኝ ፈልጌ አላውቅም፤ ነገሩ እንዲህ መሆኑንም አላሰብኩትም ነበር። ነገር ግን ዕዳውን ጨርሰን የብድር ሰነዱን የቀደድንበትን ቀን አስታውሳለሁ። አሁን በሰባዎቹ ዕድሜዬ ያንኑ ቤት እንደገና መያዣ አድርገሽ ፈርሚ እየተባልኩ ነው። ግድ ከሆነ እፈርማለሁ። አስቀድሞ ግን ይህን እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ፦ ወለዱ ከስንት እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ይጻፋል ወይስ ምክር ቤቱ እንደ ምጣኔው ሁሉ በየዓመቱ ይለዋውጠዋል?