የማዳበሪያ ድጎማ ለባለ ደብተሩ ነው ወይስ ለአራሹ?

የጎጃሟ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ያለው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ዕድሜው ስለገፋ አራት ጥማድ መሬቱን ለጎረቤት ልጅ በእኩል (ልጁ አርሶ ምርቱን ሊካፈሉ) ሰጥቶታል። ልጁ ባለፈው ሰኔ ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ማዳበሪያ ለመግዛት የገበሬዎች ማህበሩ መጋዘን በር ላይ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» ብለው መለሱት። ከነጋዴ በእጥፍ ገዝቶ ዘራ። አባቴ ደግሞ መንግሥት ለማዳበሪያ ቢሊዮኖች ደጎመ ሲባል በሬዲዮ ሰምቶ «የኔ ድርሻ የታለ?» ይለኛል። ገንዘቡ ለማን ነው የሚከፈለው? ለዘንድሮስ ምን እናድርግ?

ዩኒየን ውስጥ የሠራሁ፦ እህቴ፣ ድጎማው በጥሬ ብር ለገበሬ አይከፈልም። ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ይገዛል። ገዢው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ከጅቡቲ ወደብ ይነሳና በዩኒየኖች (በገበሬ ማህበራት ኅብረቶች) በኩል የቀበሌው መሠረታዊ ማህበር መጋዘን ይገባል። መንግሥት ከወጪው የተወሰነውን ይችላል፣ የቀረውን ገበሬው ይከፍላል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲሰቀል 15 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ብሩ ረከሰ፣ ድጎማው ይበልጥ አስፈለገ።

ስለዚህ የአባትሽ ድርሻ ያለው ኬሻው ውስጥ ነው። ኬሻውን ያላገኘ ድጎማውንም አላገኘም። አራት ኬሻ የወሰደ አንድ ከወሰደው አራት እጥፍ ተደጉሟል። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ የስም ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ሰኔ ላይ አይደለም። ፍላጎት የሚሰበሰበው ከወራት በፊት ነው። እኔ በነበርኩበት ቀበሌ በባለ ደብተሩ፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ደብተር ባለው ሰው ስም ነበር የምንመዘግበው። አንዲት እናት መሬታቸውን በእኩል ሰጥተው ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተው ነበር። አራሹ አህያውን ይዞ መጣ፤ ስሙ የለም። ባዶ እጁን የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁኑኑ ውላቸውን በጽሑፍ ያድርጉት። ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡት። ከዚያ የውሉን ቅጂና የይዞታ ደብተሩን ይዘው ምዝገባው ሲጀመር ባለሙያው ጋ ይሂዱ። በአባትሽ ስም ከሆነም ተረካቢው ልጁ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። የሚሰጣቸው ደረሰኝ ከደብተሩ ጋር ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ክርክር ሲነሳ የሚያድነው እሱ ነው።

ከሚኒሶታ፦ እዚህ አሜሪካ የእርሻ ድጎማው በገበሬው አካውንት ይገባል። ማን ስንት እንደወሰደ በስሙ ኢንተርኔት ላይ ይታያል። መሬት በብር የተከራየ ድጎማውን ራሱ ይወስዳል። በእኩል ከሆነ ግን ባለ መሬቱና አራሹ እንደ ድርሻቸው ይካፈላሉ። የኛም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ቢለጠፍ፣ ልጁ ስሙ አለመኖሩን ሰኔ ሳይገባ ያውቅ ነበር።

አንድ አባል፦ ምናልባት አባትሽ ከሴፍቲኔት ጋር ቀላቅለውት ይሆናል። ጥሬ ብር የሚከፈለው እዚያ ነው። እሱ ግን በምግብ ራሳቸውን ላልቻሉ ቤተሰቦች፣ ፕሮግራሙ ባለባቸው ወረዳዎች ብቻ ነው።

የጎጃሟ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለአባቴ ደወልኩለት። ውላቸው በሽማግሌ ፊት የተደረገ የቃል ውል ነው፣ ወረቀት የለውም። ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ወረዳ ይገባሉ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጁ ለነጋዴ የከፈለውን ትርፍ ብር ማን ነው የሚችለው?

የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ በኛ አካባቢ ምርቱ እኩል ከተካፈለ የማዳበሪያው ወጪም እኩል ነው። ለነጋዴ የተከፈለው ትርፍ ብርም እንደዚያው።

የጎጃሟ ልጅ፦ ለአባቴ ነገርኩት። «ታዲያ ልጁ ለምን ዝም አለ?» ብሎ አዘነ። የትርፍ ብሩን ግማሽ ከጤፉ ላይ ሊሰጠው ነው።